የሽንት ማቃጠል ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰብኝ፤ አንቲባዮቲኩን ሲፕሮን ልድገም?

የመርካቶዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመንትቻለሁ። እዚህ ማንም አያውቀኝም ብዬ ነው በመጨረሻ የደፈርኩት።

29 ዓመቴ ነው። ጅማ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። የዛሬ አራት ወር አካባቢ ሽንቴን ያቃጥለኝ ጀመር። ማቃጠል ስላችሁ በርበሬ የነካው ያህል ነው። ሮጬ ሄጄ ቁጭ ስል ጠብ የምትለው ትንሽ ናት። ወጥቼ በሩን ሳልዘጋ እንደገና ይመጣል። ከእምብርቴ በታች ደግሞ ይከብደኛል።

ጎኔ ያለች ነጋዴ «ሲፕሮ ዋጪበት፣ ነገ ትረሽዋለሽ» አለችኝ። ፋርማሲ ገባሁ፣ አሥር ፍሬ ገዛሁ፣ ማዘዣ የጠየቀኝ የለም። እውነትም በሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ። ሦስት ቀን ወስጄ ተውኩት። የተረፈውን አራት ፍሬ የሱቁ መሳቢያ ውስጥ ከሳንቲሙ ጋር አስቀመጥኩት። ከወር ተኩል በኋላ ሲመለስ እነዚያኑ አራቱን ዋጥኩ። ተሻለኝ መሰለኝ። አሁን ከእሑድ ጀምሮ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሥቶብኛል። ትናንትም ዛሬም ሲፕሮ ወስጃለሁ፤ ምንም ለውጥ የለም።

እናቴ ብርድ ነው፣ ወገብሽን ሸፍኚ ትላለች። ሲፕሮውን ልቀጥል ወይስ ከእሱ የሚበረታ መርፌ ልወጋ? ሐኪም ቤት ልሂድ እንዳልል ሱቁን የሚይዝልኝ ሰው የለኝም።

እናት ሆኜ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

አብሽሪ እህቴ። ሽንት ማጥ እኔንም ሁለተኛ ልጄን ካረገዝኩ ጀምሮ አሠቃይቶኛል። የገብስ ውሃ አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ ጠጪ። ተልባም ጥሩ ነው። ማቃጠሉን ያበርድልሻል። ግን ሦስተኛ ጊዜ ከሆነ በዚህ ብቻ አትተማመኚ። እኔ በገብስ ውሃ ብቻ አሥር ቀን ቆይቼ ነው ብርድ ብርድ እያለኝ፣ ጎኔን ይዤ የገባሁት። ኩላሊቴ ድረስ ወጥቶ ነበር። አራት ቀን ተኛሁ።

ፋርማሲስት ከአጂፕ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:48

እህቴ፣ ከመድኃኒቱ በፊት ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። ትኩሳት ወይም የሚያንቀጠቅጥ ብርድ አለሽ? ከጎድን አጥንትሽ ዝቅ ብሎ ከኋላ በኩል ጎንሽን ያምሻል? ያስመልስሻል? እርጉዝ ልትሆኚ ትችያለሽ? ከእርግዝናው በቀር ከእነዚህ አንዱ ካለ ነገ ጠዋት አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ባጃጅ ያዢና ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ፊኛ ላይ ያለ ኢንፌክሽን ያስቸግራል እንጂ አይጥልም። ወደ ኩላሊት የወጣ ግን ወደ ደም ሊገባ ይችላል።

ከሌለሽ ነገ ጠዋት የሽንት ካልቸር ያስፈልግሻል፤ ባክቴሪያውን አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያሳይ ምርመራ ነው። ሲፕሮ አትድገሚ።

ለምን እንደምለው ላስረዳ። አብዛኛውን ጊዜ ይህን በሽታ የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ከውጭ የመጣ ጠላት አይደለም፣ የራሳችን አንጀት ውስጥ የሚኖር ነው። አንጀት ውስጥ ሲሆን ጉዳት የለውም። ከፊንጢጣ ወደ ሽንት መውጫ ሲሻገርና ወደ ፊኛ ሲወጣ ነው ችግር የሚሆነው። የሴት የሽንት መውጫ ቧንቧ ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የወንድ 20 ገደማ ይደርሳል። ሴቶች በብዛት የሚያዙት ቆሻሻ ስለሆኑ ወይም ብርድ ስለመታቸው ሳይሆን መንገዱ አጭር ስለሆነ ነው። ይህን ለእናትሽም ንገሪያቸው።

አንቺ ሲፕሮ ስትውጪ መድኃኒቱ ፊኛ ውስጥ ያለውን ብቻ አይደለም የሚያገኘው። አንጀትሽ ውስጥ ያሉትንም ይገድላል። ሲፕሮን የሚችሉት ይተርፋሉ፣ ቦታውንም ይወርሳሉ። የሚቀጥለው ኢንፌክሽን ከየት ይመጣል? ከዚያው ከአንጀት። እንግዲህ በሦስተኛው ዙር ወደ ፊኛሽ የወጣው ሲፕሮን የለመደው ሊሆን ይችላል። በእርግጠኝነት የሚነግረን ካልቸሩ ነው።

የመርካቶዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

ትኩሳት የለኝም። ጎኔንም አያመኝም። እርግዝናው ግን... የወር አበባዬ አምስት ቀን አልፎታል። አንዳንዴ ይዘገይብኛል ብዬ አላሰብኩበትም ነበር።

አዋላጅ ሲስተር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

የእኔ እህት፣ ነገ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራውን አድርጊ። የሽንት ናሙና ልትሰጪ ስለሆነ ከዚያው ይሠራልሻል። ከዚያ በፊት ምንም አንቲባዮቲክ አትጨምሪ። ሲፕሮ ለነፍሰ ጡር የምንመርጠው መድኃኒት አይደለም። ሐኪሙ እርጉዝ መሆንሽን ካወቀ ሌላ ይሰጥሻል።

እዚህ ለምታነቡ ነፍሰ ጡሮች አንድ ነገር ልጨምር። በእርግዝና ጊዜ ሽንት ባያቃጥልም ምርመራ የምናደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ማህፀን ሲያድግ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱትን የሽንት ቧንቧዎች ይጫናል፣ ሆርሞኑም ያላላቸዋል፣ ሽንት ይቆያል። ምልክት የሌለው ባክቴሪያ እንኳ ካልታከመ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል፤ ያለ ጊዜው ምጥ ከማምጣትም ጋር ይያያዛል። እርጉዝ ያልሆነች ጤነኛ ሴት ምልክት ሳይኖራት ሽንቷ ላይ ባክቴሪያ ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ አናክማትም። ነፍሰ ጡርን ግን እናክማለን። ስለዚህ የቅድመ ወሊድ ክትትል ስትመጡ «ሽንት ስጪ» ስንላችሁ «ደህና ነኝ፣ ምን ያደርጋል» አትበሉን። ይህን የምጽፈው በስምንተኛ ወሯ እየተንቀጠቀጠች የመጣች ልጅ እጄን ይዛ «አልነገሩኝም» ያለችኝን ስለማልረሳ ነው።

የካምፓስ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:40

እኔ በዚህ አልስማማም። ካልቸር ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ገንዘብ ያስወጣል። ልጅቷ እየተሠቃየች ነው። ሲፕሮ ካልሠራ ሴፍትሪያክሶን መርፌ ትወጋና ይለቃታል። ዶርም ውስጥ ስንት ልጅ እንደዚያ ሲድን አይቻለሁ።

የላብራቶሪ ሰው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:50

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ከአዘኔታ እንደሆነ ገብቶኛል። አንድ ነገር ላይ ትክክል ነህ። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት ጤነኛ ወጣት ሴት ሁሌ ካልቸር አያስፈልጋትም። ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ሐኪሙ በምልክቱ ብቻ ሊያክማት ይችላል። የእሷ ግን በአራት ወር ሦስተኛዋ ነው። በስድስት ወር ሁለት ጊዜ፣ ወይም በዓመት ሦስት ጊዜ ከሆነ ተደጋጋሚ ይባላል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ አልሠራም። በጭፍን መርፌ መወጋት ያንኑ ስሕተት በጠንካራ መድኃኒት መድገም ነው። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያውን የምናበቅልበትን ሳህን ስናይ ሴፍትሪያክሶን የማይነካው ባክቴሪያም ይገጥመናል። ያ ሲሆን ለታማሚው የሚቀረው ምርጫ በጣም ትንሽ ነው።

አሁን ወደ እህቴ። ናሙናው ከተበላሸ ውጤቱም ይበላሻል፤ ስለዚህ ይህን በደንብ አንብቢ።

የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ይመረጣል፤ ፊኛ ውስጥ ስላደረ። ሲቃጠል ማሳደር ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ለመያዝ ሞክሪ። ካልቻልሽ ግን ራስሽን አታሠቃዪ፣ የቻልሽውን ስጪ። ዕቃውን ከላብራቶሪ ውሰጂ። ቤት ያለ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የማር ዕቃ፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ አይሆንም። ታጥቦም አይሆንም። እጅሽን ታጠቢ። ታችሽን በንጹሕ ውሃ ከፊት ወደ ኋላ ታጠቢ። በአንድ እጅሽ የብልትሽን ከንፈር ከፍተሽ ያዢ። የመጀመሪያውን ሽንት ሽንት ቤቱ ውስጥ ልቀቂው። እሱ መውጫው ላይ ያለውን ጠርጎ ይሄዳል። ከዚያ ሳታቋርጪ ዕቃውን አስገብተሽ የመሃሉን ተቀበዪ። የመጨረሻውን ተዪው። የዕቃው አፍ ሰውነትሽን አይንካ፣ የክዳኑን ውስጥ በጣትሽ አትንኪ።

ከዚያ ቶሎ አድርሺው። ኢ. ኮላይ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሂሳብ አንዷ በሁለት ሰዓት 64 ትሆናለች። ቦርሳ ውስጥ ይዘሽው ገበያ ዞረሽ ከሰዓት ብታመጪው እኛ የምንቆጥረው በሽታሽን ሳይሆን ቦርሳሽ ውስጥ የተራባውን ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይድረስ። ካልተቻለ ፍሪጅ።

ሲፕሮ መውሰድሽን በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ አስጽፊ። ባክቴሪያው በመድኃኒቱ ተዳክሞ ላይበቅል ይችላል፤ ሳትናገሪ ካለፍሽ እኛ ይህን አናውቅም። ያኔ «ንጹሕ ነሽ» እንልሻለን፣ አንቺ ግን ታመሽ ትመለሻለሽ። አትፈሪ፣ ማንም አይቆጣሽም።

የመርካቶዋ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ይህን ያህል ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ባለፈው ዓመት አንድ ቦታ ሽንት ስጪ ብለው ዕቃ ወርውረውልኝ ነበር። እንዴት እንደሚሰጥ የነገረኝ የለም። የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ሞልቼ ሰጥቼ ነበር። አሁን መሄዴ ነው። ጎረቤቴ እስከ አራት ሰዓት ሱቁን ትይዝልኛለች።

አባወራ ከቆጪ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:30

ይቅርታ ውይይቱን ልቆርጥ አይደለም፣ ግን ተያያዥ ነው። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ፕሮስቴት የሚባለው የወንዶች ዕጢ ሽንታቸውን ስለዘጋባቸው የሽንት ቱቦ ገብቶላቸው ቤት ናቸው። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ እየጠበቅን ነው። ሽንታቸው ደፍርሷል፣ ይሸታል። እሳቸው ግን ትኩሳት የላቸውም፣ ይበላሉ፣ ይጨዋወታሉ። አንቲባዮቲክ ልግዛላቸው?

ፋርማሲስት ከአጂፕ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:05

አትግዛ ወንድሜ። ቱቦ ያለበት ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ አይቀርም። ቱቦው በቆየ ቁጥር በየቀኑ ዕድሉ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። መድፈረስና መሽተት ብቻውን አያሳክምም። ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ጎን ማመም፣ ወይም ድንገት መቃዠትና መደናገር ከመጣ ግን ሳትውል ሳታድር ይዘሃቸው ሂድ። ያለ ምልክት ብታክማቸው መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው የምታተርፍላቸው። ቀዶ ሕክምናው ሲደርስ ግን ሐኪሙ ራሱ ሽንታቸውን መርምሮ ሊያክማቸው ይችላል፣ ያ ሌላ ነው።

አሁን የምታደርግላቸው ይህ ነው፦ የሽንት ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛቸው በታች ይንጠልጠል። አልጋ ላይ አብሯቸው አይተኛ፣ ወለልም አይንካ። ቱቦውን ከከረጢቱ አታላቀው። ከመንካትህ በፊትና በኋላ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ውሃ ይጠጡ። ቱቦውም የሚወጣበትን ቀን በየቀጠሮው ጠይቅ።

አባወራ ከቆጪ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

እግዜር ይስጥልኝ። ከረጢቱን በርጩማ ላይ ነበር የምናስቀምጠው፣ ከአልጋው እኩል ሆኖ። አሁን ሄጄ የአልጋው ብረት ላይ ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ቱቦው ውስጥ ቆሞ የነበረው ሽንት ወዲያው ወረደ። አባቴም «ቀለለኝ» አሉ። ይህን ያህል ቀን ሳላውቅ መቆየቴ አሳዘነኝ።

አንድ ልጠይቅ። አባቴ ጫት ይቅማሉ። ከዚህ ጋር ይያያዛል?

የላብራቶሪ ሰው · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:10

ይያያዛል። ጫት የፊኛውን አንገት ያጠብቃል። የሚቅሙ ወንዶች ላይ ሲለካ የሽንቱ ፍጥነት ቀንሶ ተገኝቷል። ፕሮስቴታቸው ላበጠ ሰው ይህ በእንቅፋት ላይ ሌላ እንቅፋት ነው። ሽንት ሙሉ በሙሉ ካልወጣ የቀረው ለባክቴሪያ ኩሬ ይሆናል። ቱቦው ከወጣ በኋላ ቢተዉት፣ ካልሆነም ቢቀንሱት ይጠቅማቸዋል። በክብር ንገራቸው።

ስም አልጠራም · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

እኔ ከላይ እንደተባለው አይነት አይደለም ያለብኝ። ሽንቴን ብዙ አያቃጥለኝም። ግራጫ ፈሳሽ አለኝ፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ከባለቤቴ ጋር ከተገናኘን በኋላ ይብሳል። በሳሙና እየታጠብኩ ነው፣ ውስጤን ጭምር። ሁለት ጊዜ ታክሜ ተመለሰ። ባለቤቴ ምን ይለኛል ብዬ እየፈራሁ ነው።

አዋላጅ ሲስተር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:35

እንኳን ጻፍሽው። የምትዪው ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባለውን ይመስላል። ብልት ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሲያንሱና ሌሎቹ ሲበዙ የሚመጣ ነው። ሴትየዋ ጸያፍ ነገር አደረገች ማለት አይደለም። በሳሙና ውስጥሽን መታጠቡን ዛሬውኑ አቁሚ። እሱ ጠቃሚዎቹን ጠርጎ ችግሩን ያባብሰዋል። ውጪውን በውሃ፣ ውስጡን ምንም። ብልት ራሱን ያጸዳል።

በብዛት የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ለሰባት ቀን ነው። ግን ተመርመሪ፤ በግንኙነት የሚተላለፉት ጨብጥና ክላሚዲያም ፈሳሽ ያመጣሉ፣ ሕክምናቸውም ሌላ ነው። እነሱ ከሆኑ ባለቤትሽም የግድ አብሮ ይታከማል። እሱ ካልታከመ አንቺ ብቻሽን ብትድኚም ተመልሶ ሊይዝሽ ይችላል። ጨብጥና ክላሚዲያ በጊዜ ካልታከሙ ወደ ማህፀን ቱቦ ወጥተው መካን ሊያደርጉ ይችላሉ።

ቫጂኖሲሱንም በተመለከተ አዲስ ነገር አለ። ድሮ «ባል መታከም አያስፈልገውም» እንል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ጥናት ባሎቹ አብረው ሲታከሙ በሽታው በ12 ሳምንት ውስጥ የተመለሰባቸው ሴቶች 35 በመቶ ገደማ፣ ሴቷ ብቻ ስትታከም ግን 63 በመቶ ገደማ እንደሆኑ አሳይቷል። ስለዚህ ሲመለስ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ባለቤትሽን «ሐኪሙ ሁለታችሁም ኑ ብሏል» በዪው። አንድ ላይ ኑ። እኔ ያለሁበት ክፍል በሩን ዘግተን ነው የምናወራው።

እናት ሆኜ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:15

ሲስተር፣ ይህን ሴቶች ሁሉ ቢያነቡት። እኔ እስከ ዛሬ ውስጥን በሳሙና መታጠብ ንጽሕና ይመስለኝ ነበር። ለሴት ልጄም አስተምሬያታለሁ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አስተካክላለሁ።

ጉሊት ያለሁ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 5:40

እኔ ማንም ያላነሣውን ላንሣ። የመርካቶዋ እህቴ፣ ቀን ቀን ውሃ ትጠጫለሽ? እኔ 12 ዓመት መርካቶ ስቀመጥ ቀን ውሃ አልጠጣም። ለምን? የት ሄጄ እሸናለሁ? ያለው ሽንት ቤት በር የለውም፣ ውሃ የለውም፣ ወንዶች ይቆሙበታል። ጠዋት ቡና ጠጥቼ እወጣለሁ፣ ማታ እስክገባ እይዘዋለሁ። አጠገቤ ያሉት ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ሽንት ማጥ ያልያዛት የለችም። አንዷን ስናክም ሌላዋ ትያዛለች። ብርድ ነው እንላለን።

የመርካቶዋ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:00

እህቴ፣ ስለ እኔ ነው የጻፍሽው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት አንድ ስኒ ሻይ ብቻ ነው የምጠጣው። ሆን ብዬ ነው። ስይዘው ስይዘው አንዳንዴ እግሬን አነባብሬ ጨርቅ እለካለሁ።

ፋርማሲስት ከአጂፕ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:30

ጉሊት ያለሁ እህቴ የተናገረችው መድኃኒት ቤት ቆሜ ስንት ዓመት ያላየሁትን ነው። ለእነዚህ ሴቶች ኪኒን ስሸጥ ኖሬያለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ያለ ማዘዣም ሸጫለሁ። ሕጉ አንቲባዮቲክ በማዘዣ ብቻ ይላል። «ይቃጠላል» ስትለኝ ሲፕሮ አንሥቼ ሰጥቻታለሁ። ውሃ ጠጣሽ ወይ፣ የት ነው የምትሸኚው ብዬ አንዷንም አልጠየቅኩም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ውሃ እንደ ቀላል ምክር ይታያል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ተደጋጋሚ የፊኛ ኢንፌክሽን ያለባቸውን፣ ቀድሞ ብዙ ውሃ የማይጠጡ 140 ሴቶችን ወሰደ። ግማሾቹ ከለመዱት በላይ በቀን 1.5 ሊትር እንዲጨምሩ ተደረገ። በዓመት ውስጥ የጨመሩት በአማካይ 1.7 ጊዜ ታመሙ፣ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ። በውሃ ብቻ ግማሽ ያህል ቀነሰ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሽንት በየጊዜው ሲወጣ ባክቴሪያው ግድግዳው ላይ ሳይጣበቅ ይታጠባል። ስትይዢው ጊዜ ትሰጪዋለሽ።

ግንኙነት ካደረጋችሁ በኋላ መሽናትም ይረዳል፣ ጉዳትም የለውም። ስትታጠቢ ወይም ስትጠርጊ ከፊት ወደ ኋላ። በጆግ የምትታጠቡም እንዲሁ፣ እጅ ከኋላ ወደ ፊት አይምጣ። በረመዷን ደግሞ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ድረስ ውሃውን ከፋፍላችሁ ጠጡ፣ አንዴ አትገልብጡት። የወር አበባ ያቆሙ እናቶች በተደጋጋሚ ከታመሙ ለሐኪም ይንገሩ፣ ብልት ላይ የሚቀባ የኤስትሮጅን ክሬም የሚረዳቸው አሉ። ስኳር ያልተመረመረ ሰው ሽንት ማጥ ከተመላለሰበት ስኳሩን ይለካ።

የካምፓስ ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:10

የላብራቶሪ ሰው ያለውን ደግሜ አነበብኩት። ዶርሜ ውስጥ ግማሽ የተዋጠ ሲፕሮ አለ። ልጥለው ነው። ግን ሲፕሮ ይህን ያህል መጥፎ ከሆነ ለምን ይሸጣል?

ፋርማሲስት ከአጂፕ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:30

መጥፎ አይደለም ወንድሜ። በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለዚህም ነው የምንሳሳለት። ኩላሊት ድረስ ለወጣ ኢንፌክሽን፣ ለፕሮስቴት ያስፈልገናል። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ክፍል ሲመድብ ሲፕሮን በጥንቃቄ ከሚታዩት ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ከሚመረጡት አንዱ ናይትሮፉራንቶይን ደግሞ ከመጀመሪያው ክፍል ነው። ሲፕሮ ጅማት ሊጎዳ እንደሚችልም አትርሳ፣ የተረከዝ ጅማት የተበጠሰባቸው አሉ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2016 ሌላ አማራጭ ላለው ቀላል የሽንት ኢንፌክሽን አትጠቀሙበት ብሎ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። ከወተት ወይም ከብረት ኪኒን ጋር ሲወሰድም በደንብ ወደ ደም አይገባም። በወተት የሚውጡት ብዙ ናቸው። የምትጥለውንም ሽንት ቤት አትጣለው፣ ፋርማሲ መልስ።

የመርካቶዋ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:20

ውጤቱ መጣ።

እርግዝና የለም፤ የወር አበባዬም ትናንት መጣ። ስኳሬ ደህና ነው። ካልቸሩ ላይ ኢ. ኮላይ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ100,000 በላይ ይላል። ከሥሩ የመድኃኒት ዝርዝር አለ። ሲፕሮ፣ «አር»። ኮትሪሞክሳዞል፣ «አር»። አምፒሲሊን፣ «አር»። ናይትሮፉራንቶይን፣ «ኤስ»። ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ በእስክሪብቶ እያሳየች «አር ያለበት ባክቴሪያው ያሸነፈው ነው፣ ኤስ ያለበት መድኃኒቱ የሚያሸንፈው ነው» አለችኝ። ሦስቱን «አር» ሳይ መሳቢያዬ ውስጥ የነበሩት አራት ፍሬዎች ትዝ አሉኝ።

ናይትሮፉራንቶይን ለአምስት ቀን አዘዘችልኝ። ትናንት ጀመርኩ። ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላለቅስ ሸናሁ። አልሐምዱሊላህ። ግን ሽንቴ ጥቁር ሻይ መሰለ። ደም ነው እንዴ? ደነገጥኩ።

ፋርማሲስት ከአጂፕ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:35

እንኳን ደስ አለሽ። አትደንግጪ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ስትጨርሺ ይመለሳል። ምግብ በልተሽ ውሰጂው፣ ሆድ እንዳያቅለሸልሽሽ፤ ከምግብ ጋር ሲሆን በደንብም ይሠራል። ነገ ጤነኛ ነኝ ብትዪም አምስቱን ቀን ጨርሺ። ለሌላ ጊዜ የሚተርፍ ፍሬ አይኑር። ይህ መድኃኒት ሽንት ውስጥ ነው የሚጠራቀመው፣ ኩላሊት ሥጋ ውስጥ በቂ አይገባም። ስለዚህ ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ከመጣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብለሽ አትጠብቂ፣ ተመለሺ።

የላብራቶሪ ሰው · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:10

ያንን ወረቀት አትጣዪው። ፎቶ አንሥተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው። እግዜር አያምጣውና ሌላ ጊዜ ቢመለስ የሚያክምሽ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።

ጉሊት ያለሁ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:45

እህቴ፣ ሱቅሽ በየት በኩል ነው? እኛ ስድስት ሆነን ከመስመራችን ጀርባ ካለ ምግብ ቤት ጋር ተነጋግረናል። በወር ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን፣ የሽንት ቤቱን ቁልፍ አንድ ፍሬ ሰጥተውናል። በር አለው፣ ውሃም አለው። ቁልፉ እኔ ጋ ይውላል። ስትሄጂ እኔ ዕቃሽን አይልሻለሁ፣ ስሄድ አንቺ የእኔን።

የመርካቶዋ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:05

ከአትክልት ተራው ወደ ጨርቅ ተራ ስትገቢ ሦስተኛው ነኝ፣ አረንጓዴ በር። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ሁለት ሊትር ውሃም ይዤ ነው የምመጣው።